አድራሻው ብቻ

ፕሮግራመሩ ስህተቱን ሰኞ ጠዋት ሲያገኘው ደስ አለው። ኋላ ያሳፈረው ይኸው ደስታ ነው።

የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት የበሽተኞቹን ስም በተርታ የሚይዘው በስክሪፕት ቋንቋ በተጻፈ ፕሮግራም ነው። ከረጢቱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት የሚያትመው ደግሞ ሲ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አሮጌ ፕሮግራም ነው። ስሞቹን ከአንዱ ወደ ሌላው የማሻገር ሥራ የእሱ ነበር። እያንዳንዱን ስም ገልብጦ መስጠት ሲገባው በኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ የተቀመጠበትን አድራሻ ብቻ ሰጠ። ስሞቹን የሚይዘው ስክሪፕት ደግሞ ጽዳት ይወዳል፤ የጨረሰውን ስም ጠርጎ ቦታውን ለሌላ ያከራያል። የሲው ፕሮግራም በአድራሻው ሄዶ ሲያንኳኳ አዲሱ ተከራይ ይከፍትለታል። ይህም ሰው ሲበዛ ብቻ የሚሆን ነገር ነውና ማን ልብ ይበለው?

አንድ አዛውንት የሌላ ሰው የስኳር ኪኒን ውጠው ራሳቸውን እስኪስቱ ማንም ልብ አላለም። ደግነቱ ተረፉ። ጣት የተቀሰረው ግን ሁሉም እትዬ በሚሏቸው ከረጢት አሻጊ ላይ ነበር። ስም አሳስተው ለጥፈዋል ተባለ፤ ዕድሜያቸው ተነሣ፣ መነጽራቸው ተነሣ፤ በዚያው ሰኞ ከሥራ ታገዱ።

እሱ የተሳሳተውን የፕሮግራም መስመር አስተካክሎ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ከዚያ ወዲህ አንድም ስም አልተሳሳተም።

«አየህ?» አሉት የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ። «እሳቸው ሲወጡ ነገሩ ቀጥ አለ።»

የእሱ ጥገና የእትዬ ጥፋት ማስረጃ ሆኖ አረፈው። ይህን እያወቀ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ዓርብ ዕለት እትዬ ጋዋናቸውን ሊመልሱ መጡ። ኮሪደሩ ላይ ሲያገኙት አንድ የመድኃኒት ጠርሙስ አቀበሉት።

«ዶክተር ኮምፒውተር፣ እስቲ አንብብልኝ።»

«መነጽርዎ የት ሄደ፣ እትዬ?»

«ኪሴ ውስጥ ነው። ዐይኔን ማመን ትቻለሁ። ለባለቤቴ እንኳ መድኃኒቱን የምትሰጠው ጎረቤቴ ናት። ልግደለው እንዴ?» ብለው ሳቁ።

እጃቸውን ይዞ ኃላፊዋ ቢሮ ገባ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

«አዝነህላቸው ነው፤ ይገባኛል» አሉ ኃላፊዋ ፈገግ ብለው።

ቢላቸው ቢሠራቸው አላምን አሉ። በመጨረሻ ያስተካከለውን መስመር መልሶ አበላሸ፣ ሰው የበዛበትን የአንድ ቀን የስም ተርታ ጫነና ፕሪንተሩን አስነሣ።

«ያንብቡት፣ እትዬ።»

እትዬ እያመነቱ መነጽራቸውን አደረጉ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ስም አነበቡ፤ ወረቀቱ ላይ የታተመውን አነበቡ። ሌላ ስም ነው። ደግመው አነበቡ።

«ዐይኔ ደኅና ነው እኮ!»

እትዬ ወደ እሱ ዞሩ። እንዲሰድቡት ተመኘ፤ ቢሰድቡት ይቀለው ነበር።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሰኞ።»

ጠርሙሱን ከእጁ ተቀበሉት።

«ሰኞ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዕቃዬን ይዤ ስወጣ በሩን የከፈትክልኝ አንተ ነህ።»