ፈረሰኛው ምን ይወጋል?

ቆራሌው ሸምሱ የሀና ማርያምን ቁልቁለት ሲጨርስ ጆንያውን ከትከሻው አወረደና ሚካልን ከላይ እስከ ታች አያት።

«አንቺ ደግሞ! ዘንዶውን ገዝተሽ ስታበቂ አሁን ገዳዩን ትፈልጊያለሽ?»

«ጥንድ ከነበሩ ለምን ለየሃቸው?»

«ቅዱስና ሰይጣን በአንድ ጆንያ ይሸጣል እንዴ? ዘንዶ ታቅፌ ብዞር የትኛዋ ባልቴት በር ትከፍትልኛለች? ፈረሰኛውን መካኒሳ አቦ ለእማማ ማናዬ ሰጠኋቸው። ‹ጊዮርጊስ ነው› ስላቸው ስመው ተቀበሉኝ። ዘንዶውን ማን ይወስደዋል ብዬ ስጨነቅ አንቺ መጣሽልኝ።»

ሚካል በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ናት። የእድሜ እኩዮቿ ጫማና ካሴት ሲገዙ እሷ የመጽሐፍ መደገፊያ ታጠራቅማለች፤ መጻሕፍት እንዳይወድቁ ከግራና ከቀኝ የሚቆሙትን ጥንዶች፣ ያውም የድሮ የፈረንጅ ተረት ያለባቸውን። ከአገር የሚወጡ ፈረንጆች ዕቃቸውን ሲሸጡ የተረፈው በሸምሱ ጆንያ ዞሮ ዞሮ እሷ ጋ ይደርሳል። የግንብ በር ከነድልድዩ አላት። አቀርቅረው የሚያነቡ ሁለት መነኮሳት፣ ክንፍ ያላቸው ፈረሶችም አሏት። ወንድሟ ኢያቄም መደርደሪያዋን ባየ ቁጥር «ደጋፊው ከተደጋፊው በለጠ» እያለ ይስቅባታል።

ከሸምሱ የገዛችው የዘንዶ ቅርጽ ግን ብቻውን ነው። ጅራቱን ጠቅልሎ ጥቁር ድንጋይ የመሰለ ነገር ላይ ተኝቷል፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ባዶውን ያያል። ከፊት እግሩ ሥር አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች። ሚካል ስብራት መስሏት ነበር። አንድ ቀን ስትወለውለው ግን የቀዳዳዋ ጠርዝ ልስልስ ያለ ሆኖ አገኘችው፤ ሆን ተብሎ የተበሳ ነው። ምን ሊገባበት? ጥያቄው በጥርስ መካከል እንደተሰነቀረ ሥጋ አላስቀምጥ አላት።

ቅዳሜ ዘንዶውን በዘንቢል ይዛ መካኒሳ ወረደች። የምትናገረውን መንገድ ላይ ደጋግማ አጥንታው ነበር። እማማ ማናዬ፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ፣ በሩን ሲከፍቱላት ግን ሁሉም ጠፋባት።

«ፈረሰኛውን... ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ጊዮርጊስን? ግቢ ልጄ፣ ግቢ።»

ፈረሰኛው ቡፌው ላይ ቆሟል። ከፊቱ በብርጭቆ ውስጥ የጧፍ ቁራጭ አለ። ግድግዳው ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ተሰቅሏል። ሚካል ጧፉን ስታይ ዘንቢሉን ከወንበሩ ሥር ገፋችው። ዘንዶውን ካወጣች ጥንዱ ይሞላል፤ ሴትዮዋ ግን የመጽሐፍ መደገፊያ መሆኑን አውቀው ቅዱሳቸውን ያጣሉ። ካላወጣች ደግሞ ቀዳዳዋ ለምን እንደተበሳች ሳታውቅ ልትቀር ነው።

«በየወሩ በሃያ ሦስት አበራለታለሁ» አሉ እማማ ማናዬ። «የንስሐ አባቴ ‹የተቀረጸ ነገር ከሥዕል ጋር አይቆምም› ብለው ተቆጥተውኛል። እኔን ቅር የሚለኝ ግን ጦሩ ነው። ሥዕሉን ተመልከቺ፤ ዘንዶው ከሥር አለ፣ ከዘንዶው ያዳናት ብሩታዊት ከዛፏ ላይ ሆና ታያለች። የኔው ጊዮርጊስ አየር ነው የሚወጋው! ሁልጊዜ ‹አንተ ሰው፣ ምኑን ነው?› እለዋለሁ።»

ሚካል ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። ዘንቢሉን ስባ ዘንዶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እማማ ማናዬ አማተቡ። ከዚያ ፈረሰኛውን አንሥተው አመጡትና ወደ ዘንዶው አስጠጉት። ጦሩ አንገቱንም ደረቱንም ሳይነካ አለፈ፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ።

ሁለቱም አጎንብሰው አዩ።

«ምን ላይ ነው የተኛው?»

«ድንጋይ ይመስለኛል፣ እማማ።»

እማማ ማናዬ የነጠላቸውን ጫፍ አርሰው ጎኑን ፈተጉት። ጥቁሩ ሲለቅ ተደራርበው የተነባበሩ ቀጫጭን መስመሮች ወጡ።

«ድንጋይ ገጽ አለው? የሽፋኑን ገበታ አታይም? የኔን ዳዊት ነው የሚመስለው። ይኸው፣ ጦሩ የገባበትም መቆለፊያው ነው።»

መጽሐፍ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፊደል ስትለቅም የምትውለው ሚካል ፊቷ ቀላ።

«እንግዲያውስ ይሄ ሰውዬ የመጣው ሊገድል አይደለም» አሉ እማማ ማናዬ ቀስ ብለው። «ከፍቶ ሊያነብ ነው። ጊዮርጊስ አይደለማ።»

«ይቅርታ፣ እማማ... ባላመጣው ይሻል ነበር።»

«የምን ይቅርታ! ስንት ጧፍ ለአንባቢ አበራሁ!» ሳቃቸው ትከሻቸውን አንቀጠቀጠው። «ጸሎቴ እንደሆነ ደርሷል። ጊዮርጊስ ቤቱን ያውቀዋል። በይ አሁን ሁለቱንም ውሰጂ፤ ጥንድ አይለያይም።»

ሚካል ቡፌውን አየች። ፈረሰኛው የቆመበት ቦታ ባዶውን ቀርቷል። ከጎኑ ዳዊቱና ተአምረ ማርያሙ አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድመው ተኝተዋል።

«የእነዚህ ጥንዶች ሥራ ግን መለያየት ነው፣ እማማ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መሃላቸው መጽሐፍ ይገባል። መደርደሪያ ላይ ቢሆኑ ጦሩ አይደርስም።»

«ታዲያ?»

«ዘንዶውን... እርስዎ ጋ ልተወው።»

እማማ ማናዬ ዘንዶውን ለጥቂት ጊዜ በእጃቸው መዘኑት። ከዚያ መጻሕፍታቸውን ቀጥ አድርገው ግድግዳውን አስደገፉና ዘንዶውን በሌላው ጎናቸው አቆሙት።

«ዳዊት ሲደገም ይስማ። የሚጠብቀውን መጽሐፍ ራሱ አንብቦት እንደሆነም እንጃ!»

ፈረሰኛውን ይዛ ወደ ቤቷ ስትመለስ የታክሲው ወያላ «እህት፣ ጦሩን ከሰው ዐይን አርቂልኝ!» ብሎ ጮኸባት።

ማታ ኢያቄም ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ አዲሱን ፈረሰኛ አገኘው። መጻሕፍቱን በጀርባው ደግፎ፣ ጦሩን ወደ መስኮቱ አቅንቶ ቆሟል።

«ይሄ ደግሞ ምን ይወጋል?»

«አይወጋም። ጦሩ ቁልፍ ነው።»

«የምኑ?»

«የመጽሐፍ» አለች ሚካል። «መጽሐፉ መካኒሳ ነው ያለው።»