ወደ ኋላ የማትዞረው አሯሯጭ

ታላቅየዋ እየሮጠች ወደ ኋላ የዞረችው በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ዕለትም ተቀደመች። ከዚያ ወዲህ ሰማይ ቢታረስ አትዞርም።

ጉልበቷ ውድድር አልችልም ሲላት የታናሽ እህቷ አሯሯጭ ሆነች። ከፊት እየሮጠች ፍጥነቱን ትጠብቃለች፣ ነፋሱን ትከልላለች። ታናሽየዋን የልምምድ ቡድኑ በሙሉ «ሽቦ» ይላታል፤ ብትቀጥንም አትበጠስም ለማለት ነው። ሰው እኮ የሚለው አያጣም።

ሁለቱ የሚኖሩት በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው፤ ሁለት አልጋ፣ መስኮቱ ላይ የተሰጡ እርጥብ ጫማዎች፣ ከልምምድ መልስ እስከ ወገባቸው የሚነከሩበት የበረዶ ውሃ በርሜል። ጠዋት ሩጫ፣ ከሰዓት እንቅልፍ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ሩጫ። ምግቡ ጣመም አልጣመም ይዋጣል። ለሠርግ ቀርቶ ለለቅሶም አይሄዱም። ይህንንም ኑሮ ብለው ይጠሩታል።

አሰልጣኙ አንድ የማይታለፍ ሕግ አለው፤ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የልብ ምት ይቆጠራል፣ ምቱ ከወትሮው ከፍ ካለ ያን ቀን ሩጫ የለም። ለብሔራዊ ቡድን ሯጮች በሚመረጡበት ዕለት ጠዋት ታላቅየዋ ጣቷን እህቷ አንገት ላይ አሳረፈች። ምቱ ይጋልባል፤ ገላዋም ይፋጃል። ሳምንቱን ሙሉ ጉንፋን ጥሏት ነው የከረመችው።

«እትዬ፣ ዛሬ ብቀርስ?»

«ዛሬ? ብትቀሪ ቦታሽን ያቺ ረጅሟ ነው የምትወስደው፤ ታውቂያለሽ።»

«ደረቴን ጨነቀኝ እኮ።»

«ፍርሃት ነው የኔ እናት። እኔንም እንዲህ ያደርገኝ ነበር። ሰውነትሽ ሲሞቅ ይለቅሻል።»

ለአሰልጣኙም «ደህና ናት» አለችው። እህቷን ትወዳታለች፤ እሷ ሳትገባበት የቀረችው ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ሽቦን ማየት ነበር ምኞቷ። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሰው በሽታ የደበቀስ ምን ይባል?

በምርጫው ሩጫ ሯጮቹ አንዷ ሌላዋን እንዳትከተል እያንዳንዷ ከአሯሯጯ ጋር ተራርቀው ይነሳሉ፤ አሰልጣኙ መጨረሻው ላይ መኪናውን አቁሞ ሰዓቱን ይዞ ይጠብቃቸዋል። እህትማማቾቹ የመጨረሻዎቹ ስለነበሩ ከኋላቸው ማንም አልነበረም።

ሽቦ አንድ ጉድለት ነበረባት። ሲደክማት እግሯ መሬቱን ይደልቃል፣ ትንፋሿም ያፏጫል። ተፎካካሪ ይህን ከሰማ መድከሟን ያውቅና ጥሏት ይሄዳል። ታላቅየዋ ስንት ጊዜ «እንደ ድመት ተራመጂ!» ብላ ተቆጥታታለች።

ጠጠራማው ዳገት ላይ ሲደርሱ ከኋላ «እትዬ!» የሚል ድምፅ መጣ። ሽቦ እዚያ ዳገት ላይ ሁልጊዜ ቀስ በይ ትላለች። ታላቅየዋ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። «እትዬ!» ድምፁ ድጋሚ መጣ፤ አሁን ቀጠን ብሏል። አሯሯጭ ለልመና ከተረታ ምኑን አሯሯጭ ሆነ ብላ እርምጃዋን አስረዘመች።

ከዚያ የእግሩ ድለቃ ጠፋ፤ ትንፋሹም ጠፋ። ታላቅየዋ ልቧ ቅቤ ጠጣ። «ጎሽ! በስተመጨረሻ ገባት» አለች በሆዷ። እንዲያ ደስ ብሏት ከሮጠች ዘመን አልፏል፤ ጉልበቷን እንኳ ረሳችው። የቀረውን መንገድ ሁሉ ለሁለት የምትሮጥ መስሏት ብቻዋን ሮጠችው።

አሰልጣኙ ሰዓቱን አቁሞ ከትከሻዋ ኋላ አየ።

«ሽቦስ?»

ያኔ ዞረች። መንገዱ ላይ ሰው የለም።

በመኪና ተመልሰው ዳገቱ ላይ በግንባሯ ጠጠሩ ላይ ተደፍታ አገኟት። አልሞተችም። ሐኪሙ ግን ጉንፋን ብለው የናቁት ሕመም ልቧን እንደጎዳው፣ እያመማት መሮጧም እንዳባባሰው፣ ከእንግዲህ መሮጥ ቀርቶ ደረጃ ስትወጣም ማረፍ እንዳለባት ነገራቸው። አሰልጣኙ ኮሪደሩ ላይ «ምቷ ስንት ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ታላቅየዋ መሬት መሬት አየች። እሱም ደግሞ አልጠየቃትም። ረጅሟ ተመረጠች።

ከቀናት በኋላ ሽቦ ሆስፒታል አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ለመቀመጥ በቃች። ታላቅየዋ እጇን ይዛ አጠገቧ ተቀምጣለች።

«ጠርቼሽ ነበር እኮ» አለች ሽቦ። «ነፋስ ስለነበር አልሰማሽኝም፤ አይደል?»

እንዲህ ብላ መውጫ በር ከፈተችላት። «አዎ» ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ ታላቅየዋም ቃሉን አፏ ድረስ አምጥታው ነበር። ነገር ግን የእህቷን የገረጣ ከንፈር እያየች መዋሸት አቃታት።

«ሰምቼሻለሁ» አለች።

«ሁለቱንም ጊዜ?»

«ሁለቱንም።»

ሽቦ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። እጇን ከእህቷ እጅ ቀስ ብላ አወጣችና ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተችው።

«ነገ እማዬ ትምጣልኝ» አለች። «አንቺ አትምጪ።»