እስከ አሥራ ሰባት

ጨርቅ ቀን አያልፍበትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጎንደር አራዳ ላይ ጨርቅ ስሸጥ አንድም ደንበኛ «ጋሽ ከማሉዲን፣ ይሄ ጊዜው የሚያልፈው መቼ ነው?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የብስኩት ወይ የዱቄት ወተት ነጋዴ ብሆን ኖሮ ዕቃውን እየገለበጥኩ የፈረንጅ ቀን ማንበብ እለምድ ነበር። አልሆንኩም። ማመካኛዬ ይቺ ብቻ ናት፤ የቀረው የራሴ ድርቅና ነው።

ልጄ ያስሚን ዱባይ ነው የምትሠራው። በ2006 ክረምት ልትጠይቀን መጥታ ስትመለስ አንዲት ሰማያዊ ካርድ እጄ ላይ አኖረች። ዶላር የሞላችበት የመንገደኛ ካርድ ነው።

«አባዬ፣ እማዬን ይዘህ ለዒድ እኔ ጋ ስትመጣ ነው የምትጠቀምበት» አለችኝ። «ፓስፖርትና ቪዛ ይዘህ ባንክ ትሄዳለህ። ለትኬቱ በብር፣ ለኪስህ በዶላር ያወጡልሃል። የሚያበቃበት ቀን ላዩ ላይ አለ፤ እንዳትረሳው።»

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። 04/17 ይላል። አራተኛው ወር ታኅሣሥ ነው፤ ታኅሣሥ 2017 አልኩ በልቤ። ወላሂ፣ ጣቴን አጥፌ ቆጥሬያለሁ፤ ገና አሥር ዓመት። ካርዱን በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

በዓመቱ ያስሚን ወለደች። ሐያት አለቻት። ባለቤቴ ራቢዓ የልጅቷን ፎቶ በስልክ ካየች ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገችው፤ እቅፍ ማድረግ። ዒድ በደረሰ ቁጥር ማፍጠሪያ አቅርባልኝ ትቀመጥና «ዘንድሮስ?» ትለኛለች።

«ምነው ራቢዓ!» እላለሁ እኔ። «ሰው ሁሉ ለልጆቹ ልብስ በሚገዛበት ሰሞን ሱቄን ዘግቼ የት ልሂድልሽ? ካርዱ እስከ 2017 አይደል? ምን ያንቀለቅልሻል!»

«እሺ» ትላለች። ከሱቅ ቁራጭ ጨርቅ ትወስድና ለሐያት ቀሚስ ትሰፋለች። ዒዱ ሲያልፍ ቀሚሱን አጣጥፋ ታስቀምጠዋለች። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከፍ አድርጋ ሌላ ትሰፋለች። እኔ አያታለሁ፤ አይቼም ወደ ሱቄ እሄዳለሁ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

በ2009 ሚያዝያ ላይ የራቢዓ እግር አበጠ። አዲስ ዓለም ሰፈር ካለው ቤታችን እስከ መንገዱ ድረስ መራመድ አቃታት፤ ሦስት ጊዜ ትቆማለች። ሐኪሙ ልቧ መድከሙን ነገረን፤ መድኃኒትም አዘዘላት። በባጃጅ ስንመለስ እጄን ያዘችና «የያስሚን አባት፣ የዘንድሮው ዒድ አይለፈኝ» አለችኝ። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን እንዲህ ባለ ድምፅ ምንም ለምናኝ አታውቅም። ደነገጥኩ።

«ሱቁን ለኢልያስ እሰጠዋለሁ፤ እንሄዳለን» አልኳት። ኢልያስ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከሱቄ ጎን ጫማ ይሸጣል።

ያስሚን ቪዛውን ላከች፤ ሐኪሙም መብረር ትችላለች አለ። ረመዳን በገባ በአሥረኛው ቀን ካርዱን ከሣጥን አውጥቼ ፒያሳ ወዳለው ባንክ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ አምሳል የምትባል ልጅ ነበረች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተለጥፏል። ካርዱን ማሽኑ ውስጥ ከታ ስታበቃ ገልብጣ አየችው።

«አባቴ፣ ይሄ ካርድ ጊዜው አልፏል።»

«ዓይን የለሽም? አሥራ ሰባት ነው እኮ የሚለው! ገና ከሰባት ዓመት በላይ አለው!»

«በፈረንጅ ነው፣ አባቴ። በፈረንጅ አሁን አሥራ ሰባት ላይ ነን። ካርዱ ሚያዝያ ሃያ ሁለት ላይ ነው ያበቃው።»

አርባ ቀን እንኳ አልሞላውም። ራቢዓን ሐኪም ቤት በወሰድኳት ሰሞን መሆኑ ነው። የገባኝ ወዲያው ነበር፤ ግን እንደ ገባኝ ማመን አቃተኝና የሰው ልጅ ላይ ጮህኩ። «አንቺ ትናንት ከማራኪ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀሽ መጥተሽ እኔን ዘመን ልታስቆጥሪኝ ነው?» አልኳት። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቱ ዓይኗ እንባ ሞልቶ አዲስ ካርድ ልጄ እንድታስወጣልኝ በቀስታ ነገረችኝ። አስተግፊሩላህ፣ ያውም በጾም!

ውጭ ዝናብ ነበር። በረንዳ ላይ ቆሜ ለያስሚን ደወልኩ።

«አባዬ፣ ገንዘቡ የትም አይሄድም» አለች። «አዲስ ካርድ አውጥቼ በሰው እልክልሃለሁ። ትኬቱን ግን ከዚህ ልቁረጥላችሁ፤ ነገውኑ ኑ።»

«አያስፈልግም!» አልኩ። «በካርዱ እንመጣለን!»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልናገር። ትኬቱ ከዱባይ ቢመጣ ራቢዓ «ካርዱስ?» ትለኛለች። ያኔ «ሦስት ዓመት ሙሉ ገና ነው ስልሽ የኖርኩት ቀን ማንበብ ሳላውቅ ነው» ልላት ነው። ይሄን ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም። ከኢልያስ ብበደርም ወሬው ይደርሳታል። ሁለት ሳምንት ምን አላት፣ ካርዱ ይመጣል፣ እሷም ሳታውቅ እንሄዳለን አልኩ። ሰው ለኩራቱ ሲል ስንት ነገር ያመቻቻል!

ቤት ስገባ ራቢዓ ቦርሳዋን አዘጋጅታ አጠገቧ አድርጋዋለች። «አወጣኸው?»

«ኔትወርክ የለም» አልኳት።

ጎንደር ውስጥ ይሄን የማያምን ሰው የለም። እሷም አመነች። በማግስቱም ኔትወርክ የለም አልኳት፤ በሦስተኛውም ቀን። ጠዋት ጠዋት ፓስፖርቶቹን በኪሴ ይዤ «ባንክ ደርሼ ልምጣ» ብዬ እወጣለሁ። ከዚያ ሱቄ ገብቼ፣ ሰው አይቶ እንዳይነግራት በሩን ከውስጥ ዘግቼ፣ ጨርቅ መሀል እቀመጣለሁ። ለዒድ ያስመጣሁት ጨርቅ ሁሉ እንዳለ ነው፤ በሩ ተዘግቶ ማን ይገዛዋል? ለዚያ ገበያ ብዬ ነበር እኮ ሦስት ዓመት ያስጠበቅኳት።

ማታ ስመለስ «ኔትወርክ መጣ?» ትለኛለች።

«አልመጣም።»

«አይዞህ፣ ይመጣል ኢንሻአላህ። የባንኳን ልጅ ግን አትቆጣት፤ አንተን አውቅሃለሁ። የሷ ጥፋት አይደለም።»

ያረቢ! መሬት ብትከፈትልኝ በገባሁ።

ረመዳን በገባ በሃያ ሦስተኛው ቀን የጎረቤታችን የፈትሂያ ሴት ልጅ መጣች፤ ሁለት ዓመቷ ነው። ራቢዓ ለዘንድሮ የሰፋችውን ቢጫ ቀሚስ አስለካቻት። አጠረ። «የኔ ሐያትም እንዲህ አድጋለች ማለት ነው» አለችና ሳቀች። ጫፉን ተርትራ ማርዘም ጀመረች። መርፌው ውስጥ ክር ያገባሁላት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። «ምን ልትል ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የሱቄ በር ተደበደበ። ኢልያስ ነው፤ ላብ በላብ ሆኗል፣ ጫማው ጭቃ ነው።

«ከማል፣ ራቢዓ…» አለ።

ትንፋሽ ሲያጥራት ፈትሂያ ነበረች አጠገቧ። «ከማሉዲንን ጥሩልኝ፤ ባንክ ነው» ብላለች። ኢልያስን ጠርተውት ባንክ ድረስ ሮጠ። ሰልፉን ፈለገ፣ በየመስኮቱ ጠየቀ፣ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሱቄ ተዘግቶ ስላየው እዚያ እሆናለሁ ብሎ አላሰበም፤ በሩን የደበደበው ሌላ የሚፈልገኝ ቦታ ሲያጣ ነው። ከጫማ ቤቱ እኔ እስከ ተቀመጥኩበት ድረስ አሥር እርምጃ አይሞላም። እኔ ቤት ስደርስ ፊቷን ሸፍነዋታል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ያን ዕለት ከመግሪብ ሶላት በፊት ቀበርናት። ከመቃብር ስንመለስ ኢልያስ ክንዴን ያዘኝ። «ባንክ ሄጄ አጣሁህ» አለኝ። ሱቅ ዘግቼ ምን እሠራ እንደ ነበር እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም።

አዲሱ ካርድ በዒዱ ዋዜማ በአንድ ነጋዴ እጅ መጣ። ሣጥኑ ውስጥ ወረወርኩት፤ ላየው አልፈለግኩም። ያስሚን ግን በየቀኑ እየደወለች አለቀሰችብኝ። «አባዬ፣ አንተ እንኳ ና። ሐያትን እያት። እማዬ የሰፋቻቸውን ቀሚሶች አምጣልኝ» አለች። በነሐሴ ለዐረፋ ልሄድ ተስማማሁ። ቢጫው ቀሚስ ጫፉ ግማሽ ድረስ ተሰፍቶ መርፌው እንደ ተሰካ ነበር። መርፌውን ሳልነቅል አጣጥፌ ከሌሎቹ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ መለስኩት።

ባንክ ስሄድ ያችው አምሳል ነበረች። አወቀችኝ። በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ኧረ አባቴ፣ ረስቼዋለሁ» አለች። ፓስፖርቱን ገለጠችና «ለሁለት መንገደኛ ነበር አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ለአንድ ነው» አልኳት። ካርዱን ስታስገባ ሳላስበው «ኔትወርክ አለ?» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ።

«ዛሬማ ሸጋ ነው» አለች ደስ ብሏት። «እንዲያውም ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልተቋረጠብንም፤ ረመዳንንም ጭምር።»

መስኮቱን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሰው እያየኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ልጅቱ ደንግጣ ከወንበሯ ተነሣች። ካርዱ ዳግመኛ እንቢ አለኝ ብዬ የማለቅስ መስሏት ሳይሆን አይቀርም፣ ዶላሩን በመስኮቱ ሥር ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ።

«አይዞዎት አባቴ» አለችኝ። «ይኸው፣ ሙሉ ነው፤ ምንም አልጎደለም።»