ወይዘሮ አይውጡ

ሴትዮዋ ሥራዋ ፀሐይን መጠበቅ ነው። ፀሐይ ደግሞ ጠባቂ ኖራት አልኖራት ግድ የላትም፤ ሲያሻት ዓይን የማያየው ፍንጣሪ ትተፋለች። ጨረቃ ላይ ያለ ሰው ያንን ፍንጣሪ ያለ መጠለያ ከተቀበለው በሽታ ይዞ ይመለሳል፤ ሲብስም አይመለስም። ስለዚህ ተጓዦቹ ከመንኮራኩራቸው ለመውጣት የእሷን «ይውጡ» ይጠብቃሉ።

በዚህ ጉዞ ሁለት ጊዜ «አይውጡ» ብላለች። ሁለቱንም ጊዜ ፀሐይ ምንም አላለችም። ቢሮው «ወይዘሮ አይውጡ» የሚል ስም አወጣላት። ከአራቱ ተጓዦች አንዱ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ እሷው ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ነውና ሐሜቱ ቅመም አላጣም።

«ፈሪ ለናቱ ሲባል ሰምተናል፤ ይሄ ደግሞ ለእህቱ ሆነ» አሉ አለቃዋ።

ነገ መመለሻቸው ነው፤ ዛሬ ካልወጡ ሌላ ቀን የለም። ረፋዱ ላይ «ይውጡ» አለች። ወጡ።

አርባ ደቂቃ ሳይሞላ፣ ፀሐይን የሚያነሳው የጠፈር ካሜራ ምስል ላይ ነጫጭ ነጥብ ይረጭ ጀመር። የካሜራው ባለሙያ አንገቱን አስግጎ አየና «ታሟል፤ አጥፍቼ ላብራው። ሃያ ደቂቃ ስጪኝ» አለ።

ካሜራው አልታመመም። ፍንጣሪው እየደበደበው ነው፤ ገና ጅማሬውም ነው። ወንድሟ ወደ መንኮራኩሩ ለመመለስ ሩብ ሰዓት ያስፈልገዋል። ስልኩን አንስታ አለቃዋን ጠራች።

«ይግቡ። አሁኑኑ።»

«ሦስተኛሽ ነው» አሉ አለቃዋ።

«ይቁጠሩልኝ፤ ግን ያስገቧቸው።»

አስገቧቸው። አራቱም ጨረር በሚያግድ የውሃ ከረጢት በተከለለች የመንኮራኩሩ ጠባብ ጓዳ ውስጥ ተጠቀጠቁ። አሥር ደቂቃ ምንም አልተፈጠረም። አለቃው ክፍሏ ድረስ መጥተው ሰዓታቸውን አዩ፤ ባለሙያው ጣሪያውን አየ። ከዚያ መንኮራኩሩ ውጭ የተተከለው የጨረር መለኪያ ሽቅብ ወጣ፤ ወጣ፤ አልወርድም አለ። እዚያ ቆሞ የቀረ ሰው ቢኖር በሕይወት መመለሱ ያጠራጥር ነበር።

«ወይዘሮ…» አሉ አለቃው፤ የቀረውን ዋጡት።

ወንድሟ በሬዲዮ መስመሩ ገባ።

«እትዬ።»

«አቤት።»

«ስድስት ዓመት ተዘጋጅቼ አንድ ሰዓት እንኳ በቅጡ አልሄድኩም። ከእንግዲህ እዚህ አልመለስም።»

«አውቃለሁ።»

«መለኪያውን አይቼዋለሁ። ልክ ነሽ። ግን ተቀይሜሻለሁ።»

እንባዋ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። አልጠረገችውም።

«ኑርና ተቀየመኝ» አለችው።