የፋንድያ ትል

ጋሽ መሳፍንት የእንቁን አርጃኖ በጦር እንደሚወጉት በጊዮርጊስ ስም ከማሉ ወዲህ ዘመድ ሲለምናቸው ከርሞ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ራሳቸው ለእርቅ መጡ። በእጃቸው የቲማቲም ቆርቆሮ ይዘዋል። ቆርቆሮው ውስጥ ነጫጭ ትል ይርመሰመሳል።

“ከጋጣዬ ነው” አሉ፣ ማር ያመጡ ይመስል። “ከፋንድያው ሥር የወጣ። ይህን ይብላና መሐላዬን አነሳለሁ።”

አርጃኖው፣ ያ የእንሽላሊት ዘር፣ አገሩ ቆላው ጃዊ ነው። የእንቁ ባል ፀጋው ዳንግላ ላይ ጭነት ሲያራግፍ ከሰሊጥ ጆንያ መሃል አገኘው፤ ያኔ ከእርሳስ አይበልጥም ነበር። አሁን ክንድ ያህላል። ብርድ ስለማይወድ እንቁ በሽቦ ሣጥን ውስጥ አምፖል አብርታለት ታኖረዋለች። ቀለቡን የምትለቅመው ራሷ ናት፤ ከአጥሩ ሥር ቀንድ አውጣ፣ ከግጦሹ ሜዳ ፌንጣ። ከድንች ማሳ ዳር ያለውን ፌንጣ ግን በእጇ አትነካም፣ ማሳው መድኃኒት ይረጫላ። ጎረቤት ለአራስ እህል የምትለቅም ትመስላለች እያለ ይስቅባታል።

የፀጋው አጎት ጋሽ መሳፍንት አልሳቁም። አርጃኖ ባዝራ ይጠባል ባይ ናቸው። የእሳቸውን ባዝራ ሲጠባ ያየ የለም፤ እሳቸውም አላዩም። ማሉ እንጂ።

እንቁ ቆርቆሮውን ተቀብላ አየችው። ሰውየው ለጥር ወር ግልቢያ ፈረሶቻቸውን የሆድ ትል መድኃኒት ማጠጣታቸውን፣ በቀደም ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሲያወሩ ሰምታለች።

ፀጋው በዓይኑ ለመናት። ተቀበዪ፣ አመስግኚ፣ ሲሄዱ ሽንት ቤት ድፊው ማለቱ ነው። ክፉ መላ አልነበረም፤ በዚያ መንገድ የተሸኘ ስጦታ ብዙ ነው። ጋሽ መሳፍንት ግን በርጩማ ስበው ሣጥኑ ፊት ተቀመጡ። ሲበላ ሊያዩ ነው።

“አልሰጠውም፣ ጋሼ” አለች። “ፈረሶቹ መድኃኒት ጠጥተዋል። መድኃኒቱ ከፋንድያው ጋር ይወጣል።”

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። የዳማው ፈረሳቸው አባት ማን እንደነበር፣ እናቱንም ማን ሊገዛት ለምኖ እንዳፈረ ዘርዝረው፣ የእነሱን ፋንድያ የተጸየፈ ሰው እስከ ዛሬ እንዳልገጠማቸው ተናገሩ። ከዚያ ቆርቆሮውን ከእጇ ወስደው ነቀነቁት።

“የትል መድኃኒት አይደል? መርዝ ቢሆን ይኼ ትል በሕይወት ይኖር ነበር?”

ነገሩ እውነት ይመስላል። ፀጋው እፎይ አለ።

“እሱን አላውቅም” አለች እንቁ። “ስለማላውቅ ነው የማልሰጠው።”

“እኔን አላመንሽኝም ማለት ነው።”

“እርስዎን አምናለሁ። ትሉን ነው የማላምነው።”

“አንድ ብቻ ስጪው” አለ ፀጋው በሹክሹክታ። “ለሰው ዓይን።”

“ቢሞት በእኔ ስህተት ይሙት” አለችው፣ ድምጿን ሳትቀንስ። “በይሉኝታ አይሞትብኝም።”

ቆርቆሮውን ተቀብላ ወጣች፤ በሩ ክፍት ስለነበር የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ስትደፋው ሁለቱም አዩ። ቆርቆሮውን አጥባ በሁለት እጇ መለሰችላቸው።

“መሐላው እንዳለ ነው” አሉ ጋሽ መሳፍንት።

“ይኑር። ጦርዎን ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የሚያገኙት እኔን ነው።”

ሽማግሌው ፀጋውን አዩት፤ ፀጋው መሬት መሬት አየ። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና ደጃፉ ላይ ቆም አሉ።

“ይህ ቤት ሰው የለውም።”

“አለው፣ ጋሼ” አለች እንቁ፤ “አልታዘዝ አለ እንጂ።”