ጓንት ያለው ይቀቅል

በ1977 ዓ.ም. ከወገዳ ወጣ ብሎ በነበረ አንድ ክሊኒክ ሁለት ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ ጤና ረዳቱ ይርጋና የበሽተኛ ልብስ በበርሜል የሚቀቅለው ሞላ። ረሃብ ያፈናቀለው ሕዝብ ተስቦ ይዞ መጣ። ተስቦን ከሰው ሰው የምታደርሰው ቅማል ናትና ልብሱን የሚነካካው ሞላ ታመመ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተቀበረ።

አርባው ሳይወጣ ሚስቱ ባንቺዓለም መጣች።

«ቦታው ባዶ ከሆነ እኔ ልግባ። ሁለት ልጆች አሉኝ።»

ይርጋ እምቢ ለማለት አፈረ። በቀን ሠራተኛነት መዘገባት።

በሐምሌ ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ጥንድ የላስቲክ ጓንት፣ ቦት ጫማና አንድ ጣሳ ዲዲቲ ተላከ። «ለቋሚ የጤና ሠራተኛ ብቻ የሚውል የሕዝብ ንብረት» ይላል ደብዳቤው። ቋሚው ይርጋ ብቻ ነበር። ለባንቺዓለምም እንዲላክላት ሁለት ጊዜ ጻፈ። ሁለት ጊዜም «የቀን ሠራተኛን አይመለከትም» የሚል መልስ መጣ።

ሁለተኛውን መልስ አንብቦ ሲጨርስ ጓንቱን አጥልቆ ወደ በርሜሉ ወጣ።

«ምን ሊሠሩ ነው?» አለችው።

«ልቀቅል። ጓንት ያለው እኔ ነኝ።»

«እኔስ?»

«እዚህ ጠጉሩን ተላጭቶ፣ ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ የሚገባውን ሰው ትኩሳቱን ለኪ። መድኃኒቱን እኔ መጥቼ እሰጣለሁ።»

ቁጥር ከመሠረተ ትምህርት ታውቅ ነበር። ቴርሞሜትር ማንበቡን በሦስት ቀን ለመደችው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ተቆጣጣሪው ጓድ ቢሻው በበቅሎ ከንፋስ መውጫ ደረሰ።

«ኃላፊው የታለ?»

«ልብስ እየቀቀሉ ነው» አለች ባንቺዓለም ከበሩ ላይ። «እርስዎም ልብስዎን ሳያወልቁ አይገቡም።»

«እኔ በሽተኛ አይደለሁም!»

«ሞላም አልነበረም።»

ይርጋ ዓይኑ በጢስ ቀልቶ ከጓሮ መጣ። ተቆጣጣሪው ጤና ረዳት ለምን ልብስ እንደሚቀቅል ጠየቀው። ይርጋ ከጓንቱ ጋር የመጣውን ደብዳቤና ሁለቱን መልሶች አሳየው።

«እንደ መመሪያው ነው የምሠራው፤ ጓንቱን ለሌላ አልሰጠሁም።»

ከዚያ የጓድ ቢሻውን ኮት ኮሌታ ገልብጦ ሁለት ቅማል አወጣ። ጓድ ቢሻው አያቸውና ኮቱን አወለቀ። ብርድ ልብስ ለብሶ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ባንቺዓለም ትኩሳቱን ለካችው።

«ደህና ነዎት» አለችው።

እሱም ብዕር ጠየቀ። «ባንቺዓለም፣ ጊዜያዊ የጤና ሠራተኛ፤ ጓንት ይላክላት» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ኮቱ ከበርሜሉ ተጨማዶ ወጣ፤ እጅጌው ከክንዱ መሃል ቀረ። እንደዚያው ለብሶት ሄደ።

በመስከረም የባንቺዓለም ጓንት መጣ። ሁለቱም የግራ እጅ ነበሩ። አንዱን ገልብጣ በቀኟ አጠለቀችው።

«አሁን ወደ በርሜሉ ልመለስ?» አለች።

ይርጋ አሰበበት። «በየተራ እናድርገው» አለ።

ያን ዓመት ከሁለቱ አንዳቸውም አልታመሙም።