ሥራ የሌላቸው የኮኪት ሴቶች

ጥፋቱ የኔ ነበር። ኋላ ላይ ብዙ ሰው በዚህ ነገር ስሜ አይነሣ እያለ ሲሸሽ አይቻለሁና፣ እኔ ከመጀመሪያው ልናገር።

በ1978 ክረምት የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሴት፣ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ነበርሁ። መሥሪያ ቤቴ በጎንደር ቆላ፣ ኮኪት አጠገብ ወዳለ አንድ የገበሬ ማኅበር የላከኝ በሰሊጥ እርሻ ላይ ወንዱ ምን፣ ሴቷ ምን እንደሚሠሩ አጥንቼ እንድጽፍ ነው። ጎንደር ከተማ ተወልጄ ማደጌ ቆላውን የማውቅ አስመስሎኝ፣ ቅጹን አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ አዘጋጀሁት። "ሥራ" የሚል ዓምድ አለው።

ታንጉን ያገኘኋት ማሳዋ ውስጥ ነው። እኩያዬ ናት። ከንጋት ጀምራ ስታርም ቆይታ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርቆባታል። ባሏን ዘሩን በግንቦት ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ነበር።

"ሥራሽ ምንድን ነው?" አልኋት።

"ሥራ የለኝም" አለችኝ፣ ከአረሙ ቀና ሳትል። "ሥራማ የዘሩ ነው። እኔ አግዛለሁ እንጅ።"

ዘሩ በዚያ ሰዓት ኤርትራ ምሽግ ውስጥ ነው። ታዲያ ማንን ነው የምታግዥው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ተመራማሪ የተባለውን ይጽፋል እንጂ ከራሱ አይጨምርም ተብዬ ተምሬያለሁና "ሥራ የላትም" ብዬ ጻፍሁ፤ በጥንቃቄዬም ኮራሁ። ከመቶ አሥራ ሁለት ሴቶች መቶ አራቱ ያንኑ አሉኝ፤ ያንኑ ጻፍሁ። መማር ሰውን እንዲህም አድርጎ ያጃጅላል።

በጥቅምት ስመለስ ሰሊጡ ቢጫ ሆኖ ማጭድ ይጠብቃል። መልሶቹን የደመርሁበት ሰንጠረዥ ግን የመሥሪያ ቤቴ ማኅተም ተመትቶበት ከኔ ቀድሞ ደርሷል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጀምበሩ ስብሰባ ጠርቶ በማኅበሩ ዳስ ውስጥ አነበበው። ቀጥሎ፣ ሠራተኛ የሌለበት ቤት መሬቱ ከአጨዳ በኋላ ወደ ማኅበሩ የጋራ እርሻ እንዲገባ መወሰኑን ተናገረ። መጀመሪያ የተጠራችው ታንጉ ነበረች፤ ባሏ ዘምቷል፣ እሷ ደግሞ በሰንጠረዡ ሥራ የላትም። ሦስት ልጆች የምታሳድግበት ሁለት ሄክታር በኔ ሁለት ቃል ሊሄድ ሆነ።

ከተቀመጥሁበት ተነሣሁ። "ስሕተቱ የኔ ነው። ጥያቄውን አበላሽቼ ነው የጠየቅሁ" አልሁ።

ጀምበሩ ወረቀቱን ዘረጋልኝ። "ፊርማው የማን ነው?"

"የኔ።"

"ማኅተሙስ የመንግሥት አይዶለም?" ብሎ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ጀምበሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ማኅተም የሚያመልክ ሰው ግን ከክፉም ይብሳል።

ያን ጊዜ እማ አየሁሽ ከኋላ ተናገሩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ናቸው፤ በማኅበሩ ውስጥ እሳቸው ሲናገሩ ቃል የሚያቋርጥ የለም።

"ጀምበሩ ልጄ፣ እስቲ ድገመው። ስንታችን ነን ሥራ የሌለን?"

"መቶ አራት፣ እማ።"

"እንግዲያስ መንግሥት ካወቀልን እንረፍ እንጅ" አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሴቶቹ እየሳቁ ተከተሏቸው። እኔም ቀልድ መሰለኝ።

በሰሊጥ አጨዳ ወንዱ ያጭዳል። ሴቶቹ ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ ነዶውን ያስራሉ፤ እንዲደርቅም እርስ በርሱ አስደግፈው፣ ሒላ በሚሉት ክምር ያቆሙታል። በዚያ ሐሩር ከወንዝ ውሃ የሚያመላልሱትም፣ ከጎጃምና ከወሎ ለመጡት አጫጆች ምግብ የሚያበስሉትም እነሱ ናቸው። በማግሥቱ አንዲትም አልወጣችም። ጥላ ሥር ተቀምጠው ሹሩባ ይሠራሩ ጀመር። በሁለተኛው ቀን ከአጫጆቹ ግማሾቹ በረኀብና በውሃ ጥም ተማርረው፣ ሌላ አሠሪ ፍለጋ ወደ ሸሕዲ ከተማ ወረዱ። ሰሊጥ ደግሞ እንደ ማሽላ ታግሦ አይቆምም፤ ሲደርስ አፉን ይከፍትና ነፋስ በነካው ቁጥር ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሳል። በሦስተኛው ቀን የማሳው መሬት በፍሬ ነጣ።

የታንጉም ማሳ አብሮ ይረግፍ ነበር።

"የራስሽም እኮ ነው የሚፈስ" አልኋት።

"ዘንድሮ የኔ ነው የፈሰሰ" አለችኝ። "ከርሞስ የማን ሊሆን ነው?"

በዚያው ቀን የወረዳው ካድሬ ጓድ ሰጠኝ በላንድሮቨር ደረሰ። እኔን ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስጠራኝና ተጽፎ ያለቀ ወረቀት ከፊቴ አስቀመጠ። ሴቶቹ በታንጉ ቀስቃሽነት ሥራ አቁመው በኢኮኖሚ ላይ አሻጥር መሥራታቸውን እንደ ባለሙያ መስክሬ እንድፈርም ነው። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ ተብሎ ተወስዶ በቶሎ ሲመለስ ያየሁት ሰው የለም። ፈራሁ። ግን አንድ ጊዜ በእጄ ጽፌ ታንጉን ጎድቻታለሁ፤ ሁለተኛ ከምጽፍ እጄ ቢቆረጥ ይሻለኛል አልሁ በልቤ።

"ጓድ፣ ሥራ የሌለው ሰው ሥራ አቆመ ተብሎ ይከሰሳል?" አልሁት።

"ምን ማለትሽ ነው?"

የሰንጠረዡን ግልባጭ ከቦርሳዬ አውጥቼ በወረቀቱ ላይ ደረብሁለት። "መቶ አራቱ ሴቶች ሥራ የላቸውም። ማኅተሙን ይመልከቱት። ይህ እውነት ከሆነ ያቆሙት ነገር የለም። ሐሰት ከሆነ ደግሞ ሠራተኞች ናቸው፤ የታንጉም መሬት አይወሰድም። አንዱን ይምረጡ።"

"ማንን ነው የምታስፈራሪው?"

"ማንንም። የራሴን ስሕተት ነው የማስነብብዎ።"

"ከሥራሽ ትባረሪያለሽ።"

"ያኔ እኔም ሥራ የለኝማ። ከነሱ ጋር ሹሩባ እሠራለሁ።"

ሊመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንሁ። አልመታኝም። ለመንግሥት የሚገባው የሰሊጥ ኮታ ውጭ እየረገፈ ነው፤ ኮታው ከጎደለ የሚጠየቀው እሱ ነው። በመስኮቱ ወደ ማሳው አየ፤ ጀምበሩን ጠራና "ውሳኔውን ሰርዘው፤ ሴቶቹ ይውጡ" አለው።

ጓድ ሰጠኝ ግን ዛቻውን አልረሳም። በታኅሣሥ ከጥናት ክፍሉ ተነሥቼ መዝገብ ቤት ፋይል ደርዳሪ ተደረግሁ፤ አምስት ዓመት። ጥናቱን በየምሳ ሰዓቴ እንደገና ጻፍሁት። ሥራሽ ምንድን ነው የሚለውን አውጥቼ፣ ትናንት ከነቃሽ ጀምሮ ምን ምን ስታደርጊ ዋልሽ የሚል አስገባሁበት። አንድ ቀንም አልተጸጸትሁም። የተጸጸትሁ እንድመስላቸው የሚፈልጉ አለቆች ነበሩኝ፤ እሱንም አልሰጠኋቸውም።

ውሳኔው በተሰረዘበት ዕለት ጀምበሩ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ጥላ ሄዶ "በሉ ተነሡ፣ ተሰርዟል" አላቸው። ማንም አልተነሣም።

"ጻፈው" አለችው ታንጉ።

የማኅበሩን መዝገብ አስመጥቶ፣ ሠራተኛ በሚለው ዓምድ ሥር ጻፈ። ታንጉ መሠረተ ትምህርት ተምራለች፤ መዝገቡን ተቀብላ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። "የዘማች ዘሩ ሚስት" ይላል። መልሳ ሰጠችው።

"ዘሩ ሲመጣ የራሱን ያስጽፋል። እኔ ታንጉ እንግዳው ነኝ።"

"ያው አይዶለም?"

"ያው ከሆነ ምን ቸገረህ? ጻፈው።"

ሰርዞ ጻፈ። እንደገና አነበበችና መዝገቡን አጠገቧ ለተቀመጠችው ለአገኘሽ አቀበለቻት። አገኘሽን ባሏ እዚያው ቆሞ እያያት ነው።

"የኔንም" አለች አገኘሽ።

ከሷ ቀጥሎ ባፈና፣ ከዚያ ኩብራ። ጀምበሩ ቀና ብሎ ማሳውን አየ፤ ነፋስ ተነሥቷል። "ኧረ እናንተ ሴቶች፣ ሰሊጡ እየረገፈ ነው" አለ።

"እንግዲያስ ፈጠን በል፣ ልጄ" አሉት እማ አየሁሽ።

የመቶ አራቱን ስም ጽፎ እስኪጨርስ አንዲትም ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።